ዋልካ ላይ የቆመው ቤት

ገንዳ ውሃ፣ ሐምሌ 10 ቀን 2017 ዓ.ም.

ውድ ወንድሜ አያ ባየልኝ፣

ከፋሲካ ወዲህ ቃል ስላልተለዋወጥን፣ ይህን ወረቀት ስታይ መጀመሪያ የምትለው «ደግሞ ምን ፈልጎ ነው?» እንደሚሆን አውቃለሁ። ለራሴ ምንም አልፈለግሁም። እኔ ደህና ነኝ። ባለቤትህ ስርጉትና ልጆቹ ጎንደር በሰላም ገብተዋል። እማዬም እስካሁን ደህና ናት። «እስካሁን» የምትለዋን ዝም ብዬ አልጻፍኳትም፤ ስለዚህ እባክህ ወረቀቱን እስከ መጨረሻው ሳታነበው እንዳትቀድደው።

ከሽንፋ ወንዝ ማዶ ስልክህ ስለማይሠራ ነው በደብዳቤ የመጣሁብህ። ትራክተር ነጂህ አብዱረሕማን የማረሻ መለዋወጫ ሊገዛ መጥቶ ነበር፤ ነገ ማለዳ ይመለሳል። «ማፊ ሙሽኪላ፣ ችግር የለም፣ በእጁ ነው የምሰጠው፣ ወላሂ» ብሎኛል። ወንዙ ገና በትራክተር ይሻገራል አለ። ከሳምንት በኋላ ግን ለትራክተርም እንደማይበገር አንተም እሱም ከእኔ ይበልጥ ታውቃላችሁ።

ነገሩን ሳላዞር ልንገርህ። ቤትህ ሊወድቅ ነው። እማዬ ውስጡ ናት። አልወጣም ብላለች። ልታስወጣት የምትችለው አንተ ብቻ ነህ።

ይህን ስታነብ «ያ ቅናቱ ተነሣበት» እንደምትል ፊትህ ሁሉ ይታየኛል። በፋሲካ ማግስት ስለ ግድግዳው ስንጥቅ ሳነሣብህ ያልከኝ ይህንኑ ነበር። ዛሬ ግን የምነግርህ አንተ የማታውቀው ነገር አለ፤ ከነገርኩህ በኋላ ቅናት ነው ብትለኝ አልከራከርህም።

መናኸሪያው ጀርባ በዚያች ባለ ሁለት ክፍል ቆርቆሮ ቤት እንዴት እንዳደግን ለአንተ አይነገርም። ሙቀቷ ልብ ያደርቃል፣ የአውቶቡሱ ጡሩንባ ሕፃን አያስተኛም፣ የቀን ሠራተኛ ከደጋ ሲወርድ ደጃፋችን እግር መርገጫ ያጣል። ግን እማዬ አንዴ ካሳለች እማማ መስቱራ ከግድግዳው ማዶ «ምነው አንቺ፣ ወባ ነው?» ይሏታል። እኔ እስከ ዛሬ እዚያው ነኝ፤ አንዷን ክፍል ለሠራተኞች አከራይቼ በአንዷ እኖራለሁ። አንተ ሰሊጡ ሲያነሣህ ጠበበችህ። አልፈርድብህም። ለፍተህ ነው ያገኘኸው፤ በልጅነታችን በሰው ማሳ ላይ ስናርም ወባ ጥሎኝ፣ ከሽንፋ መንገድ ጀምረህ በጀርባህ ተሸክመህ እዚህ ያደረስከኝ አንተ ነህ። ይህንንም አልረሳሁም። ብረሳው ኖሮ ኋላ የምነግርህ ያኛው ነገር እንዲህ ባላቃጠለኝ ነበር።

ከከተማው ወጣ ብሎ፣ ትናንት ማሳ በነበረው ሜዳ ላይ ለቤት ሠሪ ማኅበራት መሬት ሲሰጥ፣ ሕዝቡ አንድ ቤት ሳይቆም «ሰሊጥ ሰፈር» ብሎ ስም አወጣለት። ያለው ሁሉ ወደዚያ ጎረፈ። ዕጣው ሲወጣ ለአንተ ከላይ በኩል ድንጋያማው ቦታ ደረሰህ፤ ለመምህር ማዕረግ ደግሞ ከታች፣ ጥቁሩ ዋልካ ላይ። ትዝ ይልሃል ምን እንዳደረግክ? መምህሩ ቦታ ላይ ቁጢጥ ብለህ አፈር ዘገንክ፣ በመዳፍህ አሸኸው፣ ከዚያ አሸተትከው።

«ይሄ እኮ ስብ መሬት ነው!» አልክ። «ሰሊጥ ቢዘራበት ወገብ ይደርሳል። እኔ ድንጋይ ላይ ወጥቼ ምን ልሁን፣ ፍየል ላረባ ነው?»

መምህሩን እንዲለዋወጥህ ለመንከው። እሱም እያፈረ እሺ አለህ። አብረውን የቆሙት ገበሬዎች በሙሉ «ባየልኝ መሬት ላይ ዓይኑ አይስትም» ብለው አደነቁህ። እውነቱን ለመናገር ያን ቀን እኔም አደነቅሁህ። እኛ እኮ መሬትን የምናውቀው በሚያበቅለው ነው። ዋልካ ደግሞ ለሰሊጥ ወርቅ ነው፤ በበጋ ግን የጥጃ እግር የሚውጥ ስንጥቅ እስኪያወጣ ይደርቃል፣ በክረምት ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፣ በላዩ ያለውን ሁሉ ከፍ ዝቅ ያደርገዋል። ይህን ገበሬ ላያስበው ይችላል። ግንበኛ ግን ያውቃል፤ ቤትህን የሠራሁት ግንበኛ ደግሞ እኔ ነኝ።

አሁን ወደማፍርበት ልምጣ።

መሠረቱን ስናስቆፍር አንድ ሜትር ተኩል ወርደን አፈሩ ገና ጥቁር ነበር። ጠጠሩ ጋ እስክንደርስ መውረድ ነበረብን፤ ካልሆነም ጥቁሩ ተዝቆ ወጥቶ ጉድጓዱ በገረጋንቲ መሞላት ነበረበት። ቅዳሜ ቀትር ላይ ነው፤ ሥራውን አስቁሜ ልነግርህ መጣሁ። አንተ ሸራው ጥላ ሥር ከጎንደር ከመጡት ባለሀብቶች ጋር ጥሬ ሥጋ ይዘሃል። አፈር በአፈር ሆኜ ፊታችሁ ቆምኩ። አንደኛው ሰውዬ አየኝና ሳቅ ብሎ «ይሄ ልጅ ቁርጥ አንተን ነው እኮ። ዘመድ ነው?» አለህ።

አንተ ቢላዋውን እንኳ ሳታስቀምጥ «የሰፈራችን ልጅ ነው፤ ግንበኛ ነው» አልክ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረህ «እህ፣ ምን ጎደለ?» አልከኝ።

አያ፣ ያን ጊዜ ልነግርህ የመጣሁትን ተውኩት። «ምንም። ውሃ አልቆ ነው» አልኩህ። ተመልሼ ሠራተኞቹን «ሙሉት!» አልኳቸው። አንድ የጎጃም ሰው «ገና ጥቁር ነው እኮ፣ ጌታው» ቢለኝ ጮኽኩበት። ሲሚንቶው ሲወርድ ከጉድጓዱ አፋፍ ቆሜ አየሁ። በልቤ ምን እንዳልኩ ልንገርህ? «ይበለው» ነው ያልኩት። ሲሰነጠቅበት ወንድም እንዳለው ትዝ ይለዋል አልኩ። እዚያ ቤት ውስጥ የምትገባው እማዬ እንደምትሆን ፈጽሞ አልመጣልኝም። ይህንን ሁለት ዓመት ሙሉ ለማንም አልተናገርኩም፤ ለንስሐ አባቴም።

በዚያ ላይ «ወደፊት ፎቅ እንጨምርበታለን» ብለህ ጣሪያውን በቆርቆሮ ፈንታ አርማታ አስደረግከው። ቆርቆሮ ቢወድቅ ሰው ያቆስላል። አርማታ ግን እንደዚያ አይደለም።

እማዬን ወደዚያ የወሰዳት ማን እንደሆነ አንተ ታውቃለህ። ስርጉት ትምጣም አላለች፣ አትምጣም አላለች። «የባየልኝ እናት መናኸሪያ ጀርባ ትኖራለች ሲባል አንገቴን ያስደፋኛል» ያልከው አንተ ነህ። የኋለኛውን ክፍል ሰጠሃት፤ ወለሉ ሴራሚክ፣ በሩ ብረት። እኔን «ቤቱስ ያምራል፣ ግን ማንን ነው የማወራው? ሴራሚኩን?» አለችኝ። ሁለት ጊዜ በእግሯ ጠፍታ መጣች። ሁለቱንም ጊዜ እማማ መስቱራ ደጃፍ ላይ ተቀምጣ ባሚያ ስትከትፍ አገኘናት። ሰዉም «ባየልኝ እናቱን አባሯታል» ብሎ አወራ፤ ወሬው ጆሮህ ገባ።

ግንቦት መጨረሻ ወደ እርሻ ስትወርድ የሆነውን እማዬ ናት የነገረችኝ። ደጃፉ ላይ ቆመህ «ማይልኝ» አልካት። «ተመልሼ እዚህ ደጃፍ ላይ እስክቆም ድረስ ከዚህ ቤት እንዳትወጪ፣ ማይልኝ።» እሷም «ባየልኝ ይሙት፣ አልወጣም» አለችህ። አንተ ስቀህ ግንባሯን ስመህ ሄድክ። አንተ እንደዋዛ ነበር ያስማልካት። እሷ ግን ከአንተ በፊት የነበረችው እህታችን የሞተችው አባታችን በስሟ ምሎ ስላፈረሰ ነው ብላ እስከ ዛሬ ታምናለች። ይህን ረሳኸው?

ዝናቡ ሰኔ አጋማሽ ላይ ገባ። በወሩ መጨረሻ ስርጉት ልጆቹን ይዛ ስትሄድ መናኸሪያ ድረስ ሸኘኋት። ለሰዉ ሁሉ «ወባ ፈርቼ ነው» ትላለች። አውቶቡሱ ሊነሣ ሲል ግን በመስኮቱ ጎንበስ ብላ «ለይኩን፣ ያ ቤት ጠራራ ፀሐይ ላይ ይንቋቋል። እንዳትነግረው፣ ይቆጣል» አለችኝ።

«እማዬስ?» አልኳት።

«እግሯ ላይ ወድቄ ለመንኳት። ምያለሁ አለችኝ።»

ከዚያ አውቶቡሱ ሄደ።

የዚያኑ ቀን ወጣሁ። ባጃጁ አስፋልቱ ጫፍ ላይ ጥሎኝ ተመለሰ፤ ከዚያ ወዲያ ጭቃው ጎማ ይይዛል። ኮንጎ ጫማዬን በእጄ ይዤ በባዶ እግሬ ገባሁ። አንተ ክረምቱን እርሻ ላይ ስለምታሳልፍ ሰሊጥ ሰፈር በክረምት ምን እንደሚመስል አታውቅም። ባሎቹ እርሻ ናቸው፣ ሚስቶቹ ጎንደር። በአንተ መስመር ካሉት አሥራ አንድ የብረት በሮች አሥሩ በሰንሰለት ተቆልፈዋል። ቀን በስምንት ሰዓት የሰው ድምፅ የለም፣ ዶሮ እንኳ የለም። ያልተቆለፈው ያንተ በር ነው፤ እሱም ስለተጣመመ አልዘጋ ብሎ ነው።

ከእማዬ ክፍል በር ራስጌ የተነሣው ስንጥቅ አርማታው ድረስ ወጥቷል፤ ጣት ያስገባል። ቱንቢ ጣልኩ፤ ግድግዳው ሦስት ጣት ወደ ውጭ ሄዷል። ስንጥቁ ላይ ሦስት ቦታ ጀሶ ለጠፍኩበት። ግንበኛ ግድግዳ መንቀሳቀስ አለመንቀሳቀሱን የሚያውቀው በዚህ ነው፤ ጀሶው ደህና ከሰነበተ ግድግዳው ቆሟል። ሰኞ ለጠፍኩ፣ ረቡዕ ሦስቱም ለሁለት ተከፍለው ነበር። እንደገና ለጠፍኩ። በማግስቱ አንዱን ሴራሚኩ ላይ ወድቆ አገኘሁት።

ከምሠራበት ቦታ ስድስት የፑንቴሎ ምሰሶ ተውሼ ጣሪያውን ደገፍኩት። እማዬ ወዲያው አንደኛው ላይ ነጠላዋን ሰቀለች። «ደግ አደረግህ፣ መስቀያ አልነበረኝም» አለችኝ። ሳቅሁ፣ ምን ላድርግ። በሦስተኛው ቀን የፑንቴሎዎቹ እግር ሴራሚኩን ሰብሮ ወደ ታች ገብቶ ነበር። የሚይዛቸው ነገር የለም፤ ከሥር ያለው ያው ሳላወጣው የሞላሁበት ጥቁር አፈር ነው።

ያላደረግሁት ነገር የለም። መምህር ማዕረግ ድንጋዩ ላይ የሠራት ትንሽ ቤት የፀጉር ስንጥቅ የላትም፤ «አንድ ክፍል እለቃለሁ፣ አምጣት» ብሎኛል። እማዬ ግን ቅርብ ሩቅ አትልም፤ ደጃፉን ካለፈች ያው ነው። ዋሸኋት፤ «ባየልኝ ደውሎ ውጪ ብሏል» አልኳት። «በምን ስልኩ?» ብላ ዓይኔን ትክ ብላ አየችና «በወንድምህ ነፍስ አትቀልድ» አለችኝ። የንስሐ አባቷን አባ ገብረማርያምን ያን ሁሉ ጭቃ አስረግጬ አመጣኋቸው። «እኔ ፈትቼሻለሁ፣ ዕዳው በእኔ ይሁን» አሏት። ጉልበታቸውን ስማ «አባቴ፣ እኔን ይፈቱኛል፣ እሺ። እዚያ ማዶ ያለውን ልጄንስ ማን ይጠብቅልኛል?» አለቻቸው። አባ ጸልየውልን ሄዱ።

ባለፈው እሑድ ከእማማ መስቱራ ጋር ሄድን። በዚያ ጉልበታቸው እስከ ባታቸው በጭቃ ሰጥመው መጡ። «አንቺ ሴትዮ፣ ሠላሳ ዓመት ጎረቤትሽ ነኝ፤ እንደው ስለ እኔ ብለሽ ተነሺ!» አሏት። እምቢ አለች። እኔም ትዕግሥቴ አለቀና ብድግ አድርጌ ተሸከምኳት። ምን ያህል እንደቀለለች ብታይ! ደጃፉ ጋ ስንደርስ የበሩን መቃን በሁለት እጇ ጨመደደችና «ልጄን ሊገድልብኝ ነው! ኧረ የሰው ያለህ፣ ባየልኝን ሊገድለው ነው!» ብላ ጮኸች። መቃኑ በእጇ ተነቃነቀ፣ ከላይ የሲሚንቶ ፍርፋሪ በራሳችን ላይ ወረደ። ትንፋሼን ይዤ ቀስ ብዬ መልሼ አስቀመጥኳት።

ጩኸቱን ሰምቶ የመጣ አንድም ሰው አልነበረም። በእኛ ሰፈር እንዲህ ብትጮህ መናኸሪያው ባዶ እስኪሆን ሰው ይሰበሰብ ነበር። እማማ መስቱራ ግቢው መሐል ቆመው አጥሩን ዞር ዞር ብለው አዩና «እናንተ፣ እዚህ የሚኖር ሰው አለ?» አሉ።

እማዬ ከተረጋጋች በኋላ እጄን ያዘችኝ። «ለይኩን፣ እኔ አሮጊት ነኝ፤ ቤቱ ቢወድቅ የሚወድቀው በእኔ ላይ ነው። መሐላው ከፈረሰ ግን የሚወድቀው በእሱ ላይ ነው። ተወኝ» አለችኝ። ምን ትላታለህ?

አያ ባየልኝ፣ የዘር ሳምንት እንደሆነ አውቃለሁ። አሁን እርሻውን ጥለህ ብትመጣ የዓመቱ ሰሊጥ ሊበላሽ እንደሚችልም አውቃለሁ። ይበላሽ። ራሴ መጥቼ እንዳላመጣህ እሷን ለማን ልተዋት? በቃልህ ሰው ብትልክ አታምነውም፤ በጽሑፍ ብትልክ እኔ የፈጠርኩት ይመስላታል። ደጃፉ ላይ መቆም አለብህ፤ መሐላው እንደዚያ ነው። ስለ መሠረቱ ልትከሰኝ፣ ልትመታኝ፣ በአደባባይም ወንድሜ አይደለም ልትል ትችላለህ፤ አፌን አልከፍትም። ከምንም ከምንም የሚያንገበግበኝ ያን ቅዳሜ አንድ ዓረፍተ ነገር ብናገር ኖሮ ይህ ሁሉ አለመኖሩ ነው። «ባየልኝ፣ ገና ጥቁር ነው» ማለት ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ።

ዛሬ ጠዋት የገመድ አልጋዬን፣ አንገረቤን፣ በአህያ ጋሪ ጭኜ አመጣሁ። ጋሪው ጭቃው ላይ ሲቆም ተሸክሜው ገባሁ። እማዬ ስታየኝ «ምነው፣ መናኸሪያው ከበደህ?» አለችኝ።

«ሙቀቱ አስመረረኝ። እስቲ እኔም ትንሽ እንደ ሀብታም ልኑር» አልኳት።

ከት ብላ ሳቀች። ወዲያው ደግሞ ሳቋ ቆመና ጣሪያውን ቀና ብላ አየች፤ ከዚያ እኔን አየች። «ለይኩን፣ አንተ እኮ አልማልክም» አለችኝ። ሰምቼ እንዳልሰማሁ አልጋዋን ማንቀሳቀስ ጀመርኩ። ስለ መሠረቱ አልነገርኳትም። እሱን አንተ ስትመጣ ፊትህ እነግራታለሁ።

ይህን የምጽፍልህ እዚያው ክፍል ውስጥ፣ አንገረቤ ላይ ተቀምጬ ነው። ቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ሆኗል፤ በሽንፋ በኩል ሰማዩ ጠቁሯል። እማዬ ምስር እየለቀመች ነው። ይህን መስመር ስጽፍ ግድግዳው አንዴ ጮኸ፤ ሁለታችንም ምንም እንዳልሰማ ሰው ሆንን። አብዱረሕማን ደብዳቤውን ሊቀበለኝ በትራክተሩ እዚህ ድረስ ይመጣል፤ እኔ ከዚህ አልነቃነቅም።

እሱ እንደደረሰ ሳትውል ሳታድር ተነሣ። ከደረስክ ደጃፉ ላይ ቁምና ስሟን ጥራት፤ ትወጣለች። እኔም ተከትያት እወጣለሁ።

ከዘገየህ ግን ይህን ወረቀት እንዳትጥለው፣ የሚከተለውንም ይዘሃቸው ለምትመጣ ሰዎች አንብብላቸው። ከበሩ በኩል እንዳትቆፍሩ፤ አርማታው የሚያዘነብለው ወደዚያ ነው። ከመስኮቱ በኩል፣ ከአርማታው ምሰሶ፣ ከኮለኑ ሥር ጀምሩ፤ በዶማ ሳይሆን በእጅ። የእማዬን አልጋ ወደ ኮለኑ አስጠግቼዋለሁ፣ ራሷ ወደ መስኮቱ ነው። እኔ ያለሁት በበሩ በኩል ነው። እኔን በኋላ።

ወንድምህ ለይኩን
ሰሊጥ ሰፈር፣ ከቤትህ